ሐኪሙ ለወንድሜ ሜታዶን ይጀመርለት አለ፣ ቤታችን ግን ለሁለት ተከፍሏል

እህትየው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ሄሮይን ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ማገገሚያ ገብቶ ያውቃል። ሲወጣ ደህና ይሆናል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ያገረሽበታል። በቅርቡ ደግሞ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ አግኝተነው በመከራ ነው የተረፈው።

አሁን ሐኪሙ ሜታዶን እንጀምርለት ይላል። በየቀኑ ክሊኒክ እየሄደ የሚጠጣው ነው አሉን። እስከ መቼ ስንለው «ለረጅም ጊዜ አስቡት» አለ። አባዬ እዚህ ላይ ተነሳ። «ሱስን በሱስ መተካት ነው፣ ወንድ ከሆነ ጨክኖ ይተው» ይላል። እማዬ ደግሞ በሕይወት ይኑርልኝ እንጂ ስለሌላው ግድ የለኝም ባይ ናት። እኔ መሀል ላይ ቆሜ ሁለቱንም እሰማለሁ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ይሄ መድኃኒት እውነት ሰው ከሞት ያተርፋል? ወይስ ሞቱን ነው የሚያዘገየው? ያለፋችሁበትም፣ የሙያው ሰዎችም፣ እባካችሁ መልሱልኝ።

ቁርጡ፦
እህቴ፣ አባትሽ እውነት አላቸው። ሜታዶን ራሱ ኦፒዮይድ ነው፣ የሄሮይን ዘመድ። ሲያቆመው ሐራራው ይመጣበታል፤ እንዲያውም ከሄሮይኑ ይልቅ ቀናቱ ይረዝማሉ። የማውቃቸው ሰዎች አሉ፣ ዓመት ከዓመት ክሊኒክ በር ላይ ናቸው። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ጌታ ነው የተዛወሩት። ጥሩ ማገገሚያ ፈልጉለት፣ በደንብ ይጽዳ፣ ከዚያ ጓደኛ ይቀይር።

የሌሊት ተረኛ፦
ነርስ ነኝ። ድንገተኛ ክፍል ቆይቼ አሁን የምሠራው ሜታዶን ክሊኒክ ነው።

ቁርጡ ካለው ግማሹ ልክ ነው። ሜታዶን ኦፒዮይድ ነው፣ ሰውነትም ይለምደዋል። ግን መጀመሪያ ሰውየውን የሚገድለው ምን እንደሆነ እንይ። ኦፒዮይድ የሚገድለው አንጎል ውስጥ ትንፋሽን የሚያዘውን ክፍል በማዳከም ነው። በደም ሥር የገባ ሄሮይን ወዲያው ሽቅብ ይወጣል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይወርዳል፣ ከዚያ ሐራራ። ሰውየው በቀን ደጋግሞ በዚህ ሲመላለስ ይውላል። ከመንገድ የገዛው ነገር ምን ያህል እንደሚያይል አያውቅም። ፌንታኒል (ከሄሮይን እጅግ የሚያይል ኦፒዮይድ) ይግባበት አይግባበት አያውቅም። እያንዳንዱ መርፌ ዕጣ ማውጣት ነው።

ሜታዶን በአፍ ይጠጣል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ከአንድ ቀን በላይ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ዶዙ ከተስተካከለ ምርቃናም የለው፣ ሐራራም የለው። ሰውየው በላዩ ላይ ሄሮይን ቢወስድ እንኳ እንደ ድሮው አይሰማውም፣ ስለዚህ ገንዘቡን የሚያወጣበት ምክንያት እየሳሳ ይሄዳል። ትንፋሹ የመቆሙ ዕድልም ይቀንሳል። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፣ ይህን አስምሩበት።

ስለዚህ ለጥያቄሽ፦ አዎ፣ ያተርፋል። አደጋው ያለው መግቢያው ላይና መውጫው ላይ ነው። ይበልጡን መውጫው ላይ።

ቁጥር ወዳድ፦
ሲስተር ያለችውን በቁጥር ልደግፈው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ቢኤምጄ የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ 19 የክትትል ጥናቶች አንድ ላይ ተተንትነው ወጥተው ነበር። ሜታዶን የወሰዱት ሰዎች ከ122 ሺህ ይበልጣሉ። ሕክምናው ላይ እያሉ በዓመት ከ1000 ሰው 11 ገደማ ሞቱ። ሕክምናው ውስጥ ባልነበሩበት ጊዜ ግን 36። ከመጠን በላይ በመውሰድ የሞቱትን ብቻ ነጥለን ስናይ 3 ገደማ ለ13 ገደማ ይሆናል።

«ሕክምናው ላይ የቆዩት ከመጀመሪያውም ጠንካሮቹ ቢሆኑስ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው የስዊድኑን ታሪክ የምወደው። እዚያ የሜታዶን ፕሮግራሙ ለዓመታት አዲስ ሰው መቀበል አቁሞ ነበር። ስለዚህ ሕክምናውን ያላገኙ ሰዎችን ካገኙት ጋር ማወዳደር ተቻለ። በ1990 የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል። ውጭ የቀሩት በእነሱ ዕድሜ ካለ ሌላ ሰው 63 እጥፍ ይሞቱ ነበር። ሜታዶን ላይ ያሉት 8 እጥፍ። የክሊኒኩን ደንብ ጥሰው የተባረሩት ደግሞ ወደ 55 እጥፍ ተመለሱ። 8 እጥፍም ቀላል አይደለም፣ አልዋሽም። ግን 63ን አይታችሁ 8ን ናቁ እስቲ።

ቁርጡ፦
የተባረሩት እኮ ደንብ የጣሱት ናቸው። ድሮውንም የባሱት እነሱ ነበሩ። ምኑን አወዳደርከው?

ቁጥር ወዳድ፦
እሺ፣ ምንም ያላጠፉ ሰዎችን ውሰድ። በ2014 ሩሲያ ክራይሚያን ስትይዝ እዚያ 800 ያህል ሰዎች ዩክሬን በዘረጋችው ፕሮግራም ይታከሙ ነበር። በሩሲያ ሕግ ሜታዶን የተከለከለ ነው። ሕክምናው በሳምንታት ውስጥ ተዘጋ። ማንም ደንብ አልጣሰም፣ ማንም በቃኝ አላለም። በ2015 መጀመሪያ ላይ በተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ጉዳይ ልዩ መልእክተኛ የነበሩት ሚሼል ካዛችኪን ከ80 እስከ 100 የሚሆኑት መሞታቸውን ተናገሩ። አብዛኛው ሞት ከመጠን በላይ በመውሰድና ራስን በማጥፋት ነው።

እናት፦
ልጄ ከማገገሚያ የወጣ ቀን ወፍሮ፣ ፊቱ በርቶ ነበር። ያየው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ማታ ወሰደ። የድሮውን ልክ ነው የወሰደው አሉኝ። ስለ ሜታዶን ያኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ልጄ ጨክኖ ነበር። አባትሽ ይህን ይወቁልኝ፣ ልጄ ጨክኖ ነበር።

የሌሊት ተረኛ፦
እናቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይህን እዚህ ለመጻፍ አቅም ማግኘትዎ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሌሎቻችሁ፣ እናታችን የነገሩን ለብቻው የደረሰ ክፉ አጋጣሚ አይደለም። የሰውነት አሠራር ነው። ኦፒዮይድ ሲወሰድ ሰውነት እየለመደ ይሄዳል፣ ትናንት የሚገድለው ልክ ዛሬ አይገድለውም። ሲቋረጥ ግን ይህ መልመድ ቶሎ ይጠፋል። ፍላጎቱ ግን አብሮ አይጠፋም። አንጎሉ የድሮውን ልክ ያስታውሳል፣ ሳንባው ረስቶታል።

ቁጥር ወዳድ፦
በ2003 እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ አንድ ትንሽ ጥናት በትክክል ይህን አሳይቷል። 137 ሰዎች ተኝተው ከኦፒዮይድ እንዲጸዱ ተደረገ። 37ቱ ፕሮግራሙን በሚገባ ጨረሱ። በአራት ወር ውስጥ ከመጠን በላይ በመውሰድ 3 ሰዎች ሞቱ። ሦስቱም ከጨረሱት መካከል ነበሩ። አቋርጠው ከወጡት አንድም የለም። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ትርጉሙ ግን ያስደነግጣል። «ጎበዝ» የተባሉት ናቸው የሞቱት።

እስር ቤትም እንደዚያው ነው። ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ከእስር በወጡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከመጠን በላይ በመውሰድ የመሞት አደጋው ከሌላው ሕዝብ 129 እጥፍ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን (ለዚሁ ሱስ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት) እየወሰዱ የወጡ እስረኞች በመጀመሪያው ወር የመሞት ዕድላቸው በ75 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ከሰልፉ፦
እኔ ሜታዶን ላይ ነኝ። ዓመታት ሆነኝ። ማን እንደሆንኩ ስለማታውቁ በግልጽ ልናገር።

ቁርጡ «ከጌታ ወደ ጌታ» ሲል ገባኝ፣ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን የድሮው ጌታ ከእንቅልፌ ቀስቅሶ ገንዘብ አምጣ ይለኝ ነበር። ማን ኪስ እንደምገባ፣ ማንን እንደምዋሽ እያሰብኩ ነበር ቀኔ የሚጀምረው። አሁን ጠዋት ክሊኒክ እሄዳለሁ፣ እሰለፋለሁ፣ ጠጥቼ ወደ ሥራ። ሥራ ላይ ማንም አያውቅብኝም፣ ምክንያቱም የሚታወቅ ነገር የለኝም። አልደነዘዝኩም፣ አላንቀላፋም።

መጥፎውንም ልንገርሽ እህቴ፣ ቀድማችሁ እንድታውቁት። ያልባል፣ በጣም ያልባል። ሆድ ያደርቃል። አፍ ስለሚደርቅ ጥርስ ይጎዳል፣ ጥርሱን እንዲጠብቅ ንገሪው። የወሲብ ፍላጎትም ሊቀንስ ይችላል፣ ይህን ለሐኪም መንገር ያሳፍራል ግን ይነገር። ከሁሉም የሚያስጠላው ሰልፉ ነው። መንገድ የሚያልፈው ሰው የሚያይበት ዓይን አለ። አንዳንዱ የክሊኒክ ሠራተኛም ሌባ እንደሚጠብቅ ነው የሚያይህ። ሁሉም አይደሉም፣ ሲስተር አትቀየሚኝ።

ሌላው ዶዝ ነው። ጀማሪ በትንሽ ነው የሚጀመርለት፣ ልክም ነው። ግን እዚያው ትንሹ ላይ ሲቆም ማታ ሐራራው ይመጣል፣ ሰውየው ወደ ሄሮይን ይሮጣል፣ ቤተሰብ «አየህ አይሠራም» ይላል። የማይሠራው መድኃኒቱ አይደለም፣ አንሶ ነው። ማታ ካላበው፣ ካዛጋው፣ እግሩን ካንቀለቀለው ለሐኪሙ ይንገር።

የሌሊት ተረኛ፦
አልቀየምም፣ እውነትህን ነው። ስለ ሠራተኞቹም ጭምር።

የዶዙ ነገር ዋና ነው። ብዙ ጊዜ በቀን ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም ይጀመራል። ብዙ ሰው የሚረጋው ከ60 እስከ 120 ባለው ውስጥ ነው። ግን መንገዱ ቀስ ያለ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ሜታዶን ይጠራቀማል። ዛሬ የጠጣው ሳያልቅ የነገው ይጨመርበታል። በመጀመሪያው ቀን የተስማማው ዶዝ ሳይነካ በአራተኛው ቀን ሊበዛበት ይችላል። መግቢያው ላይ አደጋ አለ ያልኩት ይህንን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ከቀጣዮቹ ወራት ይልቅ ያሰጋሉ። በሰው ፊት የሚያስጠጡትም፣ በየቀኑ ና የሚሉትም ስለማያምኑት ብቻ አይደለም። ዓይኑን፣ አነጋገሩን፣ ድካሙን ያያሉ።

አስተባባሪ፦
አንድ ማሳሰቢያ። እዚህ የሚጠቀሱት ቁጥሮች ሐኪም የሚሠራባቸው ናቸው። ማንም ሰው እነሱን ይዞ ራሱ ዶዝ እንዳይጨምር ወይም እንዳይቀንስ። የት ይገኛል፣ በስንት ይሸጣል የሚሉ መልእክቶች ይሰረዛሉ፣ አሁንም ሁለት ሰርዣለሁ።

ቁርጡ፦
መሞቱን ይቀንሳል ማለታችሁን ተቀበልኩ እንበል። ግን ምክርና ጥሩ ድጋፍ ቢያገኝስ ያለ ኦፒዮይድ አይድንም? ለምን ይሄ አማራጭ ይናቃል?

ቁጥር ወዳድ፦
አልተናቀም፣ ተሞክሯል። በ2003 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የስዊድን ጥናት አለ። 40 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ሁሉም ተመሳሳይ ምክርና ክትትል አገኙ፣ ምክሩም የዋዛ አልነበረም። 20ዎቹ ቡፕረኖርፊን ተሰጣቸው። ለሌሎቹ ለጥቂት ቀናት እየቀነሰ ከተሰጣቸው በኋላ ምንም የሌለው ክኒን ቀጠለላቸው። ዓመቱ ሲያልቅ ቡፕረኖርፊን ካገኙት 75 በመቶው ሕክምናው ላይ ነበሩ። ከሌሎቹ አንድም አልቀረም፣ 4ቱ ደግሞ ሞተዋል።

ጥናቱ የቡፕረኖርፊን ነው፣ የሜታዶን አይደለም። ግን የቁርጡን ጥያቄ በቀጥታ ይመልሳል። ምክር ይጠቅማል፣ መድኃኒቱን ግን አልተካም።

እህትየው፦
ቡፕረኖርፊን ያላችሁት ለእሱስ አይሻልም? ሐኪሙ ጠቅሶት ነበር፣ ግን በደንብ አልገባኝም።

ፋርማሲስቱ፦
ልመልስ። ቡፕረኖርፊን አንጎል ውስጥ ኦፒዮይድ የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች የሚያነቃው በከፊል ነው። ስለዚህ ቢጨመርም ትንፋሽን የሚያዳክመው እስከ አንድ ጣሪያ ነው፤ ለብቻው ሲወሰድ ከሜታዶን ይልቅ አደጋው ያንሳል። ወደ ቤት ይዞ ለመሄድም ይቀላል። ችግሩ አጀማመሩ ነው። ሄሮይኑ ገና ሰውነቱ ውስጥ እያለ ከወሰደው ያባርረውና ከባድ ሐራራ በአንድ ጊዜ ይለቅበታል። መጀመሪያ ሐራራው እስኪጀምረው መታገሥ አለበት። ሁለተኛ፣ በጥናቶቹ ሰዎች ሜታዶን ላይ ይበልጥ ይቆያሉ። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሲወስድ ለኖረ፣ ደጋግሞ ላገረሸበት ሰው ሐኪሞች ሜታዶን ቢመርጡ አይገርመኝም። ሁለቱም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ።

እግረ መንገዴን። ወንድምሽ ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳል? ይህን የማይጠይቅ ሰው ሜታዶን አይስጥ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ሜታዶንን ከደም ውስጥ ጠራርጎ ያወጣዋል። የኤችአይቪው ኤፋቪሬንዝ፣ የሚጥል በሽታዎቹ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይንም እንደዚያው። ሰውየው በሰላም ሲኖር ቆይቶ በሳምንት ውስጥ ሐራራ ይጀምረዋል። ቤተሰብ «ተመልሶ ሊገባ ሰበብ እየፈለገ ነው» ይላል። የነቀርሳው ሕክምና ሲያልቅ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፦ የተጨመረለት ዶዝ ይበዛበታል። ፍሉኮናዞልን የመሳሰሉት የፈንገስ መድኃኒቶች ደግሞ ከመነሻውም የሜታዶኑን መጠን ከፍ ያደርጋሉ።

ልብም አለ። ሜታዶን የልብን የኤሌክትሪክ ምት ሊያዛባ ይችላል፣ በተለይ ዶዙ ከፍ ሲል። ቀድሞ ራሱን ስቶ የሚያውቅ ከሆነ ወይም ቤተሰቡ ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሞት ካለ ንገሩ፣ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግብ ምርመራ) ይነሳል።

ቁርጡ፦
መጨረሻውስ መቼ ነው? ይህን ማንም አልመለሰም። አባቷ የጠየቁት እሱን ነው።

ከሰልፉ፦
ወንድሜ፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስደውን ሰው መጨረሻው መቼ ነው ትለዋለህ?

ቁጥር ወዳድ፦
ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ከላይ በጠቀስኩት የ1990ው የስዊድን ጥናት ውስጥ ያልነገርኳችሁ ሌላ ቡድን ነበር። ሕይወታቸው ተስተካክሎ፣ ከሐኪማቸው ጋር ተስማምተው ቀስ ብለው የወጡ 34 ሰዎች ናቸው። የእነሱ ሞት ዝቅ ብሎ ቀጠለ። ስለዚህ መውጣት ይቻላል። ቀኑን የሚወስነው ግን የሰውየው ሕይወት እንጂ የቤተሰብ ትዕግሥት መሆን የለበትም። ሥራ፣ መኖሪያ፣ ከሄሮይን የራቀ ረጅም ጊዜ፣ ከዚያ ወራት የሚፈጅ ቅነሳ፣ ካቃተውም ያለ ሐፍረት መመለስ። የማይወጣም አለ። ይኑር።

የሌሊት ተረኛ፦
እህትየው፣ ሳልረሳው የቤት ውስጡን ልንገርሽ።

ናሎክሶን፣ ማለትም ኦፒዮይድ ያዳከመውን ትንፋሽ የሚመልሰው መድኃኒት፣ ቤት ይኑራችሁ፣ አጠቃቀሙንም ሁላችሁም ተማሩ፣ አባትሽም ጭምር። ግን ይህን እወቂ፦ ናሎክሶን የሚሠራው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ሜታዶን ግን ከዚያ እጅግ ይረዝማል። ሰውየው ነቅቶ «ደህና ነኝ» ብሎ ከተኛ በኋላ ትንፋሹ እንደገና ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ቢነቃም ሆስፒታል ይሂድ። የሚያስፈራ ማንኮራፋት ከሰማችሁ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» አትበሉ።

ቀን ቢያልፈው የሚቀጥለውን ደርቦ አይጠጣም። በተከታታይ ሦስት ቀን ካለፈው የድሮውን ዶዝ ወዲያው አይሰጡትም፣ ቀንሰው ይገመግሙታል። አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ አዲስ ይጀመራል። ቅጣት አይደለም፣ ሰውነቱ መልመዱን እየተወ ስለሆነ ነው። በኋላ ወደ ቤት መውሰድ ሲፈቀድለት በሚቆለፍ ሣጥን ይቀመጥ፣ ወደ ጭማቂ ወይም ውኃ ጠርሙስ ፈጽሞ አይገልበጥ። ለእሱ የተለመደው አንድ ዶዝ ሕፃን ይገድላል።

እህትየው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናቴ፣ የጻፉትን ለአባዬ አነበብኩለት። ምንም አላለም፣ ግን ሰኞ ቀጠሮው ላይ እኔም እመጣለሁ ብሏል።

ፋርማሲስቱ ለጠየቅኸው፣ ነቀርሳ የለበትም፣ ሌላ በሽታም የለበትም። እንቅልፍ እምቢ ስለሚለው ግን ዲያዜፓም ይወስዳል፣ ከጓደኛው ነው የሚያገኘው። አንዳንዴ ቢራም ይጨምርበታል። ለሐኪሙ አልነገረውም፣ ሜታዶኑን ይከለክለኛል ብሎ ፈርቶ። ይህ ችግር ነው?

ፋርማሲስቱ፦
ትልቅ ችግር ነው። ዲያዜፓምም አልኮልም ትንፋሽን የሚያዳክሙት በራሳቸው መንገድ ነው። ሜታዶን ሲጨመርበት አንዱ ሌላውን ያግዛል። ሜታዶን ላይ እያሉ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ደም ውስጥ እንዲህ ያለ ድብልቅ ይገኛል።

ግን ዛሬውኑ ጣለው እንዳትዪው። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ የወሰደ ሰው ዲያዜፓምን በድንገት ካቆመ ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥና ራሱን ሊስት ይችላል። እሱም በሐኪም እጅ ነው የሚቀነሰው።

የሌሊት ተረኛ፦
ይከለክሉኛል ብሎ መደበቁ የተለመደ ነው፣ አትቆጪው። እንዲህ ያለውን ሰው እናክማለን፣ አነስ አድርገን እንጀምራለን፣ ክትትሉን እናጠብቃለን። የማናውቀውን ግን ልንጠብቀው አንችልም። ሰኞ እስኪደርስ አትጠብቂ፣ እሱን ከጎንሽ አስቀምጠሽ አሁን ወደ ክሊኒኩ ደውዪ። ምን ያህል ሚሊግራም፣ በቀን ስንቴ፣ ከመቼ ጀምሮ የሚለውን ራሱ ይንገራቸው።